ሁለቴ

ሂዩ ከታች ተቀምጧል፣ ከድምፅ ማደባለቂያው ኋላ፤
እኔ ካሜራዬን ተክዬ፣ ከሰገነቱ ጥላ።
ገመድ መዘርጋት ክልክል ነው፤ ባለፈው የገና ማታ
አንዲት ባልቴት ጠልፎ ጥሏል፣ በጭብጨባው ሁካታ።
ስለዚህ የክብሪት ቤት የምታህል ሳጥን፣ ባለ ጭራ አንቴና፣
ድምፁን ትልክልኛለች፣ በማይታይ ጎዳና።

መጀመሪያ የደረሰኝ መዝሙር አይደለም፤ የታክሲ ላኪ ሴት፦
«ዳይ፣ ባቡር ጣቢያው ደጅ ሰው ቆሟል፣ የዌልስ ዝናብ እየመታው፣ ሂድለት!»
ሂዩ ሞገዱን ቀየረ። ዳይም ሄደ መሰለኝ።

ከዚያ ወንዶቹ ዘመሩ።
ግራ ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ፣ ቀኙን ለአዳራሹ ትቼ፣
እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ ሰማሁት፦
በሳጥኗ፣ በመስኮት ዘሎ እንደገባ ልጅ፤
በአየሩ፣ ደረጃ እየቆጠረ እንደሚወጣ ሽማግሌ፣
ትንሽ ዘግይቶ።

በሁለት መዝሙር መካከል፣ ማይኩ ሳይዘጋ፣
ኤምሊን፣ ዕድሜውን ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረው፣ ባለ ወፍራሙ ድምፅ፣
ጎኑ ወዳለው ባዶ ወንበር ጎንበስ ብሎ
«ዛሬም ከፍ አድርገህ ጀመርክብኝ» አለ።

ቀኝ ጆሮዬን አዘንብዬ ጠበቅሁ፤
በአየሩ ሳይመጣ ቀረ።

ሂዩ አውራ ጣቱን አነሳ፦ ጥርት ብሎ ይገባል?
እኔም አነሳሁ።
ቀረጻው ላይ አለ።
ስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ አልናገርም።