ደም መላሽ

ኑኩስ ከተማ ላይ ጨው ባዘለ ነፋስ
መስኮቱ ሲንኳኳ፣ ሌሊቱ ሲታመስ፣
(ባሕሩ ሸሽቶ ነው ጨዉን ያወረሰን)
አልጋ ዘጠኝ ላይ ነኝ፤ ስምንት ወር አለፈኝ፤
ሳንባ ላድን ያለው መርፌ ጆሮ ነሳኝ፤
ስለዚህ በቀኜ ቁሙና ንገሩኝ።

አሥራ አራት እንክብል በቀን ብውጥለትም
የደረቴ ተከራይ ቤቱን አልለቀቀም።
ሐኪሟ ትላለች፣ «መድኃኒት ተላምዷል»፤
ዱላ የለመደ ግመል ምን ይሆናል?
ቀና ሳይል እንኳን ጥጥህን ይግጣል።

ቢቢዛዳ አለች፣ ወለል ወልዋይዋ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከነቀይ ባልዲዋ፤
የኛን አየር ስባ፣ ትንፋሽ እየጠጣች፣
አንድም ቀን ሳትስል ይኸው ዛሬም አለች።

ሁለት ሰዎች መጡ ከቤተ ሙከራ፤
«ለምን አልታመምሽም?» አሏት በየተራ።
«እኔ ምን አውቃለሁ? መስኮት እከፍታለሁ፣
ካሮት እበላለሁ፣ ዱዓ አደርጋለሁ፤
የቀረውን ደሜን ጠይቁት» አለቻቸው፤
እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ሰጠቻቸው።

ነርሷ ደም መላሿን ዳብሳ ዳብሳ አገኘች።
አንድ ጠብታ ቢወድቅ፣ ጨርቋን ባልዲ ነክራ
ራሷው ጠረገችው፣ እንደማንም ሥራ።

ባሏ በዚሁ አልጋ፣ በኔው ትራስ ሞቷል፤
ለካ ደም መላሹ ከክንዷ ውስጥ ኖሯል።

አንቲቦዲ አሉት፤ ቅርጹ እንደ ባላ ነው፤
ቁጥር እንጂ እስካሁን ስም ያልወጣለት ነው።
አይገድልም ራሱ፤ ይይዛል፣ ይጠቁማል፤
በዘበኛው ጉያ ያደረን ሌባ ያውቃል።
አይጥ ላይ ሞከሩት፤ ግማሾቹ ዳኑ።
«ለሰውስ መቼ ነው?» ዝም አሉ፣ አዘኑ።
ወይስ በግራዬ ቆመው መለሱልኝ?
አላውቅም።

ትናንት ከሰዓት ላይ፣ ባልዲዋን አኑራ፣
በቀኜ ጠጋ ብላ፣ ጭንብሏን አጥብቃ አሥራ፣
«ያኔ ቀድተውት ቢሆን...» አለች ጀምራ።
አልጨረሰችውም።
ተነሥታ መስኮቱን ወለል አርጋ ከፈተች፤
ጨው ያዘለው ነፋስ ገባ። እኔ ሳልሁ።
እሷም አንዴ ሳለች።
«አቧራ ነው» አለች።
በቀኜ ነበረች፤
በደንብ ሰምቻታለሁ።