ዓይነ ርግብ

ካማሪኛስ ወደብ፣ ቅዳሜ ረፋዱ፣
ጀልባዎች ታስረዋል ባሕር ላይ ሳይሄዱ።
ዝናብ ከነፋስ ጋር በሬን ሲደበድብ፣
ሁለት ሴቶች ገቡ፣ ጃንጥላቸው ሲያነጥብ፤
እናቲቱ ቀድማ፣ ጠረጴዛዬን በእጇ እየዳበሰች፣
ልጅቱ ከኋላ፣ ቬሎዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ መጣች።

እኔ ሻጭ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት፣
ዓይነ ርግብ ስለካ፣ ስቆርጥ፣ በዚች ጠባብ ቤት።
ሙሽራ ስትገባ ፊቷን አላይም፣
ልብሷን ነው የማየው፤ ልብስ አያስመስልም።

"ልበሺው" አልኳት፣ "መስኮቱ ጋ ቁሚ፤
አምፖል ሐሜተኛ ነው፣ የቀን ብርሃን ስሚ።"
ነጭ መስሏት ነበር፤ ነጭ ግን አይደለም፣
የሰፈፈ ቅባት፣ የወተት ላይ ቀለም።
በረዶ የመሰለ ዓይነ ርግብ ቢያርፍበት፣
ያደፈ ይመስላል፣ ሻይ የፈሰሰበት።
አንደኛውን መለስኩ።

ሁለተኛው ረዥም፣ አራት ክንድ ተኩል፣
ጀልባ እንደሚተወው ጭረት ከኋላ የሚከተል፤
ጠርዙ ላይ አበባ፣ ዛጎል፣ ደግሞ አበባ።
ቀለሙስ ገጠመ። ግን ልቤ አልገባ፦
ቀሚሱ ጭምት ነው፣ ጠርዙ ወሬኛ፤
እንዴት ያድራሉ አንድ ቤት፣ አንድ መኝታ፣ ሁለት ዓመለኛ?

ይኸን ሳስብ ዞረች።
ከማጅራቷ ጀምሮ እስከ ወገቧ ድረስ፣
ሠላሳ አራት ቁልፍ፣ ሐር ጨርቅ የሚለብስ፤
አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣
አንዱ ከረድፉ ወጥቶ ለብቻው የቆመ፤
ከመጠጥ ቤት የወጡ፣ ሰልፍ ያዙ የተባሉ መርከበኞች።

"ረዥሙን ስጫት" አለች ሬሜዲዮስ፣ እናት፣
ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛ ስታሸት፤
"የማሽን ነው። ይሁን። ብቻ ይሸፍንላት።
ቁልፎቹ ተንጋደዋል፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት፣
ቦታውን በስንዝር እየቆጠርኩት።"

ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ ትራሷን ታቅፋ፣
የእንጨት ማጠንጠኛ ስታንኳኳ፣ ክር ስታጣምር፣ ስትፈታ፣ ስትለፋ፣
ለሰው ልጅ ሠርግ ዓይነ ርግብ ስትጠልፍ፣
የገዛ ዓይኗ ርግብ ሆነና
ከጎጆው ወጣ፤ አልተመለሰም፤ በረረ በክንፍ።

ልጅቱ ኡሺያ መስታወት ለመነች፣
ጀርባዋን ለማየት አንገቷን ጠመዘዘች።
"የወጣው ከረድፉ፣ ሃያ ሁለተኛው ነው?"
"ሃያ ሦስተኛው" አለች እናት፣ "እኔ ነኝ የማውቀው።
መርፌ ስጪኝ፣ አሁኑኑ ላርመው።"
"ተዪው።"
"ሰው ያየዋል።"
"ይየው።"

ያኔ መሰላሉን ጎተትኩ፤ ላይኛው መደርደሪያ፣
ማንም የማይጠይቀው፣ የአቧራ ማደሪያ፣
አንድ አጭር አለ፤ ከትከሻ የማያልፍ፣
አበባ የሌለው፣ ዛጎል የሌለው፣ ያልዞረበት ጥልፍ፣
ጠርዙ በአንድ ክር የተዘጋ፣ ቀለሙ ያው ቅባት።
ዋጋው የረዥሙን ሩብ አይሞላም።
(ባሌ ቢሰማ ሦስት ቀን አያናግረኝም።)

አናቷ ላይ ሰካሁት። ወረደ፣ ቆመ።
እናት እጇን ሰዳ ጫፉን ፈለገችው፤
ማጅራት ላይ አገኘችው፣
ከዚያ በታች ባዶ፣ ከዚያ በታች ቁልፍ።
"እዚህ ላይ አለቀ?"
"አዎ እማ፣ እዚህ ላይ።"
ዝም አለች። ወረደች በጣቷ፣ አንድ፣ ሁለት፣
አሥራ አንድ፣ ሃያ፤ ሃያ ሦስት ላይ ስትደርስ
አውራ ጣቷን አሳረፈችበት፣
ትኩሳት እንደምትለካ።
"ነፋሱ ይወስደዋል" አለች በመጨረሻ፣
"ቤተ ክርስቲያኑ ባሕር ዳር ነው፤ ብዙ መያዣ ስጫት።"

ስድስት መያዣ ሰጠሁ፤ የሁለቱን አላስከፈልኩም።
ሲወጡ ዝናቡ ገና አላባራም።

ረዥሙን ላጣጥፍ ተመልሼ መጣሁ፣
በሩን ዘጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣
ጠርዙን እንደሷ፣ በሁለት ጣት ያዝኩት፤
አበባ፣ ዛጎል፣ አበባ፤ አሸሁት፣ ደገምኩት፣
ሃያ ስድስት ዓመት በእጄ የኖረ ነገር፣
ምኑ የማሽን እንደሆነ
አላወቅሁት።