አራት ሰም

ከቴል አቪቭ መጣ፣ ከአንድ የመድን ቢሮ፣
ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ዋጋው ተሰባብሮ።
ሻጩ አንድ ምክር ሰጠኝ፣ ጣቱን ቀስሮ፦
«ትኩሱን አታንሳው፣ ይቀዝቅዝ አድሮ።»

አልሰማሁም። ቫኑ በሰዓት ነው ኪራዩ፤
እንደ ጋለ ድስት አቅፌው ወረድሁ፣ ሰዎች እያዩ።
ቤርሳቤህ ደርሼ ክዳኑን ስከፍት፣
ሰማያዊው ፈስሶ ከቢጫው ገብቶበት፣
እንዳደረ ወጥ ስብ አረንጓዴ ረግቶበት።
ሦስት ቀን ፈቀፈቅሁ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ፤
የትምህርቱን ክፍያ ከፈልሁ መጀመሪያ።

ቀለሙ ውሃ አይደል፣ ዱቄትም አይደለም፤
ሳሙና የሚያህል፣ ድርቅ ያለ ሰም።
አራት ነው፦ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፤
ለየአንዱ የራሱ ቅርጽ፣ ለየቅርጹ አንድ በር።
ቢጫው በጥቁሩ በር ልግባ ቢል አይችልም፤
ልጄ ትሞላዋለች፣ ጣቷ አይጨቀይም።
ባዶ ቀፎ የለው፣ የሚጣል ቆሻሻ፤
እንደ ጧፍ ነው የሚያልቅ፣ ሳይተው ማስታወሻ።

ድምቀቱ ደግሞ! በርካሽ ወረቀት ላይ
የስግድን ጃንጥላ ብሰቅል፣ አላፊ አግዳሚ እንዲያይ፣
የማዶው ሰዓት ሠሪ፣ አርካዲ፣ ሱቁን ትቶ
ቆሞ ቀረ ሲያየው፣ ሰዓቱን ረስቶ።

እንቅልፉ ግን ክፉ ነው። ጠዋት ሲነቃልህ
ሩብ ሰዓት ያዛጋል፣ ደንበኛ ቆሞብህ፤
ሲነቃም አፉን ይታጠባል በገንዘብህ፣
ውዱን ሰም ይተፋል ከትሪው፣ እያየህ።
ካላጠፋኸው ደግሞ፣ ሰሙ ሌሊት ሲፈላ
የመብራት ሂሳቡ የልጄን ጫማ በላ።

አርብ ከሰዓት ነው ጭንቁ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፤
ልተወው? ላጥፋው? ጣቴ ከማብሪያው ሲጠጋ ሲርቅ።
አማቴን፣ ቄስ ቢተውን፣ ብጠይቃቸው ሳቁ፤
ለካ የልቤን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቁ፦
«በወገራ ሳለን እሳት አጥፍተን ነው
ሰንበትን በብርድ የምንቀበለው።
አንተን ያስጨነቀህ ሰንበቷ መስላህ ነው?
ሰሙ ነው፣ ልጄ፣ ሰሙ ነው።»

አጠፋሁት።

አንዷ ሙሽራ መጣች፣ ጥሪ ልታሳትም፦
«ስማችን በወርቅ ይሁን።» «ሰም እንጂ ወርቅ የለኝም!»
እናቷ ሳቀች፣ ብቻዋን፤ ልጅቷ አልገባትም።
በዕብራይስጥ ላስረዳት ሞከርሁ። ወርቁ አልወጣም።

ጥፍር ካገኘው ይላጣል፤ ፊርማ አይዝም በላዩ፤
እስክሪፕቶ ይንሸራተታል፣ እንደ በረዶ ነው ገላዩ።
ይህን ለደንበኛ ሁሉ እነግራለሁ። አንድ ነገር ግን ረሳሁ፤
በነሐሴ ተማርሁ።

የወይዘሮ ጠጂቱን እናትና አባት
ሁለት ፎቶ አትሜ ሰጠኋት፣ ለሙት ዓመት።
ዳሽቦርዱ ላይ አነባብራ ገበያ ገባች፤
ስትመለስ ፊት ለፊት ተጣብቀው አገኘች።
በቀስታ ብትለያቸው፣ የአባቷ ጢም
ከእናቷ ጉንጭ ላይ ቀረ፤ የእናቷ ነጠላም
በእሱ ትከሻ ላይ፣ ግማሹ፣ ዘርፉ ሳይቀር።

ይዛ መጣች። ብሩን ልመልስ መሳቢያ ስቤ ነበር።
«ተወው» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ተኳርፈው ኖሩ፣
ባንድ ጣራ ሥር፣ በእኔ አፍ ብቻ እየተነጋገሩ፤
‹ጨው አቀብለው በያት› ይለኝ ነበር፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ።
ስንቱን ሽማግሌ መለሱ! ይኸው፣ የዛሬው ፀሐይ ገላግሎ...»
አልጨረሰችም። ወሰደችው፣ እንደተላጠ።

በማግሥቱ ማስጠንቀቂያ አተምሁ፣ በትልልቁ፦
«ፎቶዎን ፀሐይ ላይ አይተዉ።»
ፊደሉን ወደ መንገዱ አዙሬ ከመስታወቱ ለጠፍሁት።
ሐሙስ ዕለት ልቀይረው ብስበው
ወረቀቱ ነጭ ሆኖ በእጄ ወጣ፤
ፊደሉ መስታወቱ ላይ ቀረ።

ከመንገድ ለሚያልፍ ጥርት ብሎ ይነበባል።
እኔ ከውስጥ ነኝ፤
ተገልብጦ ነው የማየው።