አፍ ለጆሮ

ጠባሴ ላይ ሌሊት አመዳይ ይነጠፋል፣
ሣሩ ነጭ ይለብሳል፣ ቧንቧው አፉን ይዘጋል፤
እኛ ግን እዚህ ቤት፣ በድርብ ግድግዳ፣
ብርድ በብር ገዝተን፣ በኮሌጁ ዕዳ፣
ብረት እናበርዳለን።
ዘርጋው ይስቃል፦ «ደብረ ብርሃን ላይ ማቀዝቀዣ መግዛት፣
ለመንዝ ሰው በትርፍ ባና ይዞ መውጣት!»
ሳቁ እንፋሎት ሆኖ በመደርደሪያው መሃል ገባ።
ከጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቧል፣ ከጋቢው ላይ የዘበኛውን ካባ።

የመጣነው ለአንድ ሣጥን ነው።
ተርሚናል ሰርቨር ይሉታል፤ ቁመናው የመጽሐፍ ያህል ነው።
ከጀርባው በኩል አሥራ ስድስት ጆሮ ተበስቶ፣
በሚኒባስ ጣራ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ታስሮ መጥቶ፣
ሦስት ሳምንት ግምጃ ቤት ፊርማ ሲጠብቅ ሰነበተ።

እስከ ዛሬማ ስዊች ሲታመም
ከቤት ሆኖ መጠየቅ የለም፤
መንገዱ ራሱ ነው የሞተው፣ በየት ትደርሳለህ?
በተሰበረ ድልድይ ላይ ድልድይ ልትጠግን ትሄዳለህ?
ሌሊት ስምንት ሰዓት ባጃጅ ለምኜ፣
ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ አዝዬ፣
እንደ ልምድ አዋላጅ ስንቱን ሌሊት ሮጥኩ፤
ከጀርባው ሰማያዊውን ገመድ ሰካሁ፣
ቁጢጥ ብዬ «ምን ሆንክ?» አልኩ።

ኮንሶል የጓዳ በር ነው፣ እንግዳ አያውቀውም፤
ሳሎኑ ቢቃጠል፣ የግቢው አጥር ቢወድም፣
ቤተኛ የሚሾልክበት።

ዘርጋው ገመድ ይቆርጣል፣ እኔ ጫፍ እገጥማለሁ።
ስምንት ቀጫጭን ሽቦ። ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፦
«አንዱን ወደ ስምንት፣ ስምንቱን ወደ አንድ፣
ሁለቱን ወደ ሰባት። እንዳትወስደው በልማድ
ቀጥ አድርገህ።»
«ቀጥ ቢል ምን አለበት? ቀና ነገር አይደል?»
«ቀጥ ካለማ አፍ ከአፍ ይገጥማል፣ ማን ሰሚ ይሆናል?
ሁለቱም ይለፈልፋል።
ጆሮ ደግሞ ከጆሮ ጋር ተፋጦ ይቀራል።
ስትገለብጠው ነው የኔ አፍ ለሱ ጆሮ፣
የሱም አፍ ለኔ ጆሮ።»
ዘርጋው መቆንጠጫውን አስቀመጠና
«እኔና እልፍነሽ…» አለ። ሽቦ አነሣ እንደገና።

ሬጅስትራር። ቤተ መጻሕፍት። ክሊኒክ። ፋይናንስ።
በፕላስተር ላይ ስም እየጻፍን፣ ጣት በትንፋሽ እያሞቅን፣
እስከ አሥራ ሦስተኛው ደረስን።
አሥራ አራተኛው ከታች መደዳ፣ ስም የለውም፤
ማንን እንደሚያገለግል የሚያስታውስ የለም።
ኢንተር መታሁ፦ ዝም።
ደገምኩ፦ ስክሪኑ ላይ ቅዠት፣
ግማሽ ጨረቃ፣ የጥያቄ ምልክት፣
ራስ የሌለው ፊደል።
«ተለክፏል» አለ ዘርጋው።

አልተለከፈም። እሱ በመቶ አሥራ አምስት ሺህ ይናገራል፣
እኔ በዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ እሰማለሁ፤
ቋንቋው አንድ፣ ፍጥነቱ ለየቅል ሆኗል።
ቁጥሩን አፈጠንኩለት። ያኔ ተናገረ፦

ማራገቢያ ሦስት ቆሟል።
ማራገቢያ ሦስት ቆሟል።
ሙቀት ከልክ አልፏል።
ማራገቢያ ሦስት ቆሟል።

መዝገቡን ወደ ላይ ብገፋው፣ ብገፋው፣ ያው ነው።
ቀኑን ማወቅ አይቻልም፤ ሰዓቱን የሞላለት የለም፣
ተወልዶ እንደበራ ነው።
ስንት ክረምት ጮኸ? ስንቱን ጥቅምት?
የሰው ኢሜይል እያሳለፈ፣ የሰው ደመወዝ፣ የሰው ውጤት።
እጄን ጀርባው ላይ ጫንኩ፦
ይህ ሁሉ የተገዛ ብርድ እያለ
እንደ ሕፃን ግንባር ይነድዳል።

ዘርጋው አልሳቀም።
አሥራ አምስተኛውን ገመድ ከጭኑ አወረደ፣
ስልኩን ከካባው አውጥቶ ወደ ውጪ ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በአየር ማስገቢያው መስኮት አየዋለሁ፤
ከአመዳዩ መሃል ቆሟል፣ ስልኩ ጆሮው ላይ።
ብዙ ጠበቅኩ፤
አፉ አይንቀሳቀስም።

ለአሥራ አራተኛው በፕላስተር ስም ልጽፍለት እስክሪብቶ ከፈትኩ፤
ቀለሙ ረግቶ እምቢ አለኝ።
በትንፋሼ እያሞቅኩት ነው።