ሁለት ገበታ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የተበጠሰ ክር የሚያውቅ፣ ጨለማም ቢሆን ሲነካ፣
ያ ቀልጣፋው አውራ ጣት፣
አንድ ማለዳ አቃተው፣ የሸሚዝህን ቁልፍ መክተት።

ከዚያ ጉልበትህ ከዳ። ከዚያ ምላስህ ሰነፈ።
«ድካም ነው» አልንና፣ ጥቅምት በዚያው አለፈ።
«የሰው ዓይን ነው» ሲሉን፣ ጠበል ወሰድንህ፣
በራስህ ብርድ ልብስ፣ ጠቅልለን ይዘንህ።

አዲስ አበባ ነው፣ ስሙ የተነገረን፣
ሦስት የፈረንጅ ፊደል፤ ኤ፣ ኤል፣ ኤስ ተባልን።
ሐኪሙ መነጽሩን፣ አወለቀና ጠረገና፣
«መድኃኒቱ…» ብሎ ጀምሮ፣ ዝም አለ እንደገና።

ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ ሲስተር ዓይናለም፣
በባጃጅ እስከ ጠባሴ፤ ጭቃው አያግዳትም።
ስለ ጠበሉ ስነግራት፣ ፊቷን አላጨማደደች፤
«ቀጭን ውሃ ያንቀዋል፣ ወፈር አድርጊው» ብቻ አለች።
ሌሊት በየሁለት ሰዓት፣ ጎንህን ማገላበጥ፣
ትራስ ከጉልበትህ መሐል፣ ቆዳህ እንዳይላጥ፣
ይህን ሁሉ አሳየችኝ። ደግሞ እኔን አስቀምጣ
«ወገብሽን ያምሻል?» አለችኝ፤ እንባዬ ዝም ብሎ መጣ።

በወሩ ማብቂያ ቅዳሜ፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣
ስድስት ቤተሰብ ይመጣል፣ የየራሱን ጉድ ቋጥሮ።
ከሞላሌ አንድ ቄስ፣ ሚስታቸው የታመሙባቸው፣
ከደብረ ሲና እህትማማቾች፣ የዊልቸር ጎማ የፈነዳባቸው።
ወንበሩ ከዕድር የተዋስነው ነው።
ዕድር ለሞተ ነው፤ ይሄኛው ገና ለሚኖር ነው።
«እኔ» አሉ ቄሱ፣ «ሳጎርሳት፣ አንዳንዴ እቆጣታለሁ፤
ከዚያ ደጅ እወጣና፣ ግድግዳውን ይቅርታ እላለሁ።»
ማንም አልደነገጠም። ታናሽየዋ ተነሥታ
ሻያቸውን ሞላችላቸው።

በዓመቱ ኅዳር ድምፅህ ጠፋ። ዓይናለም ገበታ አመጣች፣
የሕፃናት የፊደል ገበታ፤ ከአልጋህ ትይዩ ሰቀለች።
«በጣትሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል፣
ከዚያ ወደ ጎን ቁጠሪ፤ ቤቱ ጋ ሲደርስ ያቆምሻል።»
እኔ ማንበብ የት አውቄ!
ቀበሌ ስጠራ ፊርማዬ፣ ያው አውራ ጣቴ ነው።
«እሱ ያነባል» አለች፣ «አንቺ እየጮኽሽ ቁጠሪ፤
ቀን በቀን አንዳንድ መስመር፣ በዚያው አንቺም ተማሪ።»

እናም በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ሀ ሁ ሂ አልኩ ጮክ ብዬ፣
የጎረቤት ልጅ ሲስቅብኝ፣ «አንደኛ ክፍል ገቡ እትዬ?»
አንተ ከቃል ስትወርድ፣ እኔ ወደ ፊደል ስወጣ፣
በአንድ መሰላል ተላለፍን።

ሸዋቀና፣ ያ ዝምተኛው፣ ሠላሳ ዓመት «እህ» ብቻ ያልከኝ፣
ፊደል ተቆጥሮ ሲሰጥህ፣ ነገር አታበዛብኝ!
«ጨው በዛ» አልክ መጀመሪያ። ጨው በዛ! እኔ ሌላ ስጠብቅ።
ቀጥሎ የጉልላት ብድር፤ ሦስት መቶ ብር፣ እንዳይደበቅ።
ቀጥሎ፣ በሩ ይጮኻልና ዘይት እንዳደርግ።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ።
የስልኩን መብራት በጥርሴ ይዤ፣ አጥሚትህን አጎረስኩህ።
ስድስት ማንኪያ ዋጥክ፤ ሰባተኛዋን እምቢ አልክ።
ዓይንህ ወደ ግድግዳው ሄደ።
ማንኪያውን አስቀምጬ ተነሣሁ።

አ ላይ ጨፈንክ።
ነ፤ ስድስተኛው ቤት።
ቸ፤ ሦስተኛው።
ሰ ላይ ቆየህ፤ ደክሞህ መሰለኝ፤ እሱም ስድስተኛው።
በ፣ እንዳለች።
ለ፣ አራተኛው። ሸ፣ ስድስተኛው።

ዓይናለም አልነበረችም። የጎረቤት ልጅ ተኝቷል።
ብቻዬን፣ በከንፈሬ፣ አንድ በአንድ ገጣጠምኩት፦

«አንቺስ በላሽ?»

አልበላሁም ነበር።
አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ እያየኸኝ፣
ያችን ሰባተኛ ማንኪያ እኔ ጎረስኳት።
ጨዋ፣ እውነትህን ነው፣ በዝቷል።