የማያረጥብ ባሕር

አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሻግር ከቻካው ወዲያ ማዶ፣
አንድ ቀን እንኳን አላስመለሰው፤ ሆዱ ባሕርን ለምዶ።
ካፒቴን ኤሌውቴሪዮ፣ ነፋስ ከሩቅ የሚያሸት፣
የጡረታ ሽልማት ሰዓቱ እጁ ላይ የቆመበት፣
እኛ ጋ መጣ፤ ፖርቶ ሞንት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት የለሽ ቤት።

ሥራዬ ባሕር መሥራት ነው፤ መሪነት ለሚማር ሁሉ፣
መርከብ የማይሰብር ውሃ፣ ሰው የማይበላ በአመሉ።
ያስና ነው ስሜ፤ የወይን አገር፣ የኩሪኮ ልጅ ነኝ፤
ማዕበል በስሌት እንጂ በጆሮ ማን አስተማረኝ?

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ።
«ውሃ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ «ውሃ ይዋሻል እንዴ?» ብሎ።

ካፒቴን፣ ሥዕሉ ወንፊት ነው፣ ቀረብ ብሎ ላጤነው፤
ነጥብ ከነጥብ ጎን ተሰድሮ፣ ፒክስል ብለን የጠራነው፤
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሦስት መብራት በአንድ ነጥብ ሆድ፤
ያንን ግራጫ ማዕበል የሚሠራው የነሱ መክሰም መንደድ።
ድምፁም እንዲሁ፤ ነፋሱ ራሱ ክር ነው የማይበጠስ፣
እኛ ግን በሰከንድ ከአርባ ሺህ በላይ ቦታ ስንበጥስ፣ ስንበጥስ፣
ቁራጩን ሁሉ በቁጥር ጽፈን መልሰን ስንቀጥለው
ስፌቱን ጆሮ አያገኘው።
ማዕበሉ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሺህ ከሺህ ጋር ተሰፍቶ፣
በላዩ ላይ የውሃ ፎቶ ለብሶ፣ ጥላ ተቀብቶ።

ዝም አለ። አገጩን አከከ።
«መረብ ነዋ!» አለ በመጨረሻ፤ «ዓሣ ሳጠምድበት ኖሬ
ባሕሩን ራሱን በመረብ ሲይዙት አየሁ ዛሬ።»

መነጽሩን ጭኜለት፣ ማሰሪያውን ከሽበቱ ኋላ አጥብቄ፣
መሪውን አስጨበጥኩት፤ ገለል አልኩ ትንፋሼን ደብቄ።
ለግራ ዓይኑ አንድ ባሕር፣ ለቀኝ ዓይኑ ሌላ ባሕር፣
ልዩነታቸው ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ያለችው ስንዝር የማትሞላ ድንበር፤
አእምሮው ራሱ አጋባቸው፤ ጥልቀት ወለዱ፣ ርቀት።
አንገቱን ሲያዞር ሰማዩ ዞረ፣
በሰከንድ ዘጠና ሥዕል እየተሣለበት።
«ያ ድንጋይ ወደ ግራ ነው፤ ፈቀቅ አድርጊው» አለ፣
እጁን በባዶ አየር ላይ እየቀዘፈ።

በአራተኛው ደቂቃ ፊቱ ነጣ።
አርባ ዓመት ባሕር ያልደፈረው ሆድ
ደረቅ ምንጣፍ ላይ ያለውን ሁሉ አወጣ።

ባልዲ አቀበልኩ። ምን ልበለው?
ዓይን «ተነሳን፣ ወደቅን» ሲል፣
ጆሮ ውስጥ ያለችው ሚዛን «ተቀምጠናል» ስትል፣
ሁለት ምስክር ሲጣላ ሆድ ነው የሚፈረድበት።
የኔም ጥፋት አለበት፤
ራስ ዞሮ ሥዕሉ እስኪከተል የሰከንድ ሃምሳኛ
ካለፈ፣ ሰውነት ያውቃል፤ አይሆንም ተላላ፣ አይሆንም ሞኛ።

አፉን ጠረገ።
«አንኩድ ያሉት እንዳይሰሙ፤ ሳልሞት ይቀብሩኛል» አለ።
ቀጥሎም፣ «ያንቺ ውሃ ግን አያርፍም» አለ።
«ሞልቶ ሊጎድል ሲል የሚቆምባት ጊዜ አለች፤
አትጮህም፣ አትገፋም።
እሷን የማያውቅ መሪ አይሆንም።
ነገ ንጋት ላይ ነይ። ማይክሽን ያዢ።»

ሄድኩ።
እውነተኛው ባሕር ላይ ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ፤
እሱ ባልዲ አቀበለኝ፣
ሳይስቅብኝ፣ ወደ ሌላ እያየልኝ።
ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።
ውሃው ቆመ።
አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ያህል፣ የገመድ ጠብታ ብቻ።

ቢሮ ስመለስ ባልደረባዬ ኒባልዶ ፋይሉን ከፍቶ
«ባዶ ነው፤ ጨምቂው» አለኝ፣ በግርምት ትከሻውን ሰብቆ፤
«ዝምታ ሲጨመቅ ትንፋሽ አያክልም።»
እውነቱን ነው። መጭመቅ ማለት
ጆሮ የማይናፍቀውን ፈልጎ መጣል ነው።
ሳይጨመቅ ግን ዝምታና ጩኸት በሚዛን እኩል ናቸው፤
ዜሮም እንደ ማንም ቁጥር
ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

አልጨመቅኩትም።
አሁን ተማሪዎች እዚያች ቦታ ሲደርሱ
መነጽራቸውን እየነካኩ «ተበላሸ እንዴ?» ይላሉ።
«ጠብቁ» እላቸዋለሁ።