ግራ ዘዋሪ

ከጋምቤላ መጣች፣ በፌስታል ቋጠሮ፤
ኦሞድ፣ ባለ ከባድ መኪናው፣ አሳልፎ ቀጠሮ
የቆመ ሰዓቱን ሊያሠራ ፒያሳ፣
ዋጋውን ስነግረው ከኪሱ ጋር ፊቱ ሳሳ።
«ይቺን ያዝ በሒሳብ፤ ከባሮ ዳር ጫካ፣
የዱር አደንጓሬ፣ ማረሻ ሳይነካ
ራሷን የዘራች።»

ሰባት ፍሬ ቆጠርኩ፤
ዝንጉርጉር፣ አዝራር የሚያህሉ። በጥፍሬ ሞከርኩ፣
በጥርሴም ሞከርኩ (አትሞክሩ እናንተ)፣
ጥርሴ ነው የላላው፣ ፍሬው መች ተከፈተ።

ሦስቱን እንዲያው በጥቁር አፈር ቀበርኳቸው፣
በዱቄት ወተት ጣሳ፤ ጠዋት ማታ አጠጣኋቸው።
ወር ሙሉ ዝም አሉኝ። ቆፍሬ ሳያቸው
ያው ናቸው፤ እርጥበት እንኳ ደፍሮ አልገባቸው።

ለካ የኔ ሥራ ነው፤ የተዘጋ ክዳን።
አጉሊ መስታወቴን ባንድ ዓይኔ ሰካሁ፣
ቀጭኗን ሞረድ አነሳሁ፣
ከፍሬዋ ዓይን ራቅ ብዬ ፋቅኋት በቀስታ፣
ነጩ ብልጭ እስኪል ብቻ፤ ከዚያ ያለፈ
ጉዳት ነው እንጂ አይደለም ውለታ።
በሻይ ብርጭቆ፣ በለብታ ውሃ አሳደርኳት፤
ማልጄ ብመጣ እጥፍ ሆና አገኘኋት።
አራት ሞርጄ ሦስቱ አበጡ። አንዷ እምቢ አለች፤
ከኦሞድ ሰዓት ጎን መሳቢያ ገባች።

የቆላ ልጅ ናት፣ ብርድ አትችልም ብዬ፣
ከኪዮስኬ ጀርባ ቆርቆሮውን ተከልዬ፣
ፀሐይ እስከ ስድስት ሰዓት ከማትጠፋበት፣
ጣሳውን ሥሩን በስቼ አፈርና አሸዋ ሞላሁበት።
ጥልቀት? ያውራ ጣት አንድ አንጓ። ፍግ? አታብዙ፤
ስትጠግብ ቅጠል ብቻ ነው ትርፉ መዘዙ።
በስድስተኛው ቀን ጫንቃዋ ቀድሞ ወጣ፣
ራሷ ቆይቶ፣ እንደ ዘበኛ አጎንብሶ መጣ።

ወይዘሮ አሰገደች፣ ክርና አዝራር ሻጯ ጎረቤቴ፣
«የማይበላ ነገር እንዲህ ይጦራል?» አለች በቤቴ፤
የሐምሌ በረዶ ሲወርድ ግን
የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ደፋችባት፣
ሲያባራ ደግሞ ሲባጎ ከጣሪያ እስከ ጣሳ ዘረጋችላት።

አርባ ዓመት ቀኝ ሲዞር ሳይ የኖርኩ ሰው፣
ሲባጎውን ስትይዝ አየሁ፤ ግራ ነው የምትዞረው።
ከላይ ሆኜ ሳያት፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ።
ልጅነት ነው አልኩ፤ ፈትቼ በቀኝ ጠመጠምኳት፣
ጫፏን በክር አሰርኳት።
በማግስቱ ግራዋን ይዛ አንድ ስንዝር ወጥታለች።
ደግሜ አረምኳት። ደግማ መለሰችልኝ።
በሦስተኛው ተውኳት፤
ለደንበኛም አላወራሁ።

በጥቅምት ከጣሪያው አልፋ
የመብራቱን ቆጣሪ በቅጠል ሸፈነች
(ቆጣሪ የሚባል ነገር አትወድም መሰለኝ)።
አንባቢው መጣ፤ «መቀስ አምጣ» አለኝ።
አላመጣሁም። ያን ሰሞን ነበር ያበበችው፣
ሐምራዊ፣ የጥፍር ያህል፣ አፏን በከንፈር ገጥማ።
ሰውዬው ትንሽ ቆመ፤
ቅጠሉን ገለጠ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ መልሶ ከደነው።
ሒሳቡ ግን አልቀነሰም።

መርዝ ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤
ለዓይን ዘራኋት፣ ለድስት አላልኩም።

ጥር ላይ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ቋ! አለ አንድ ነገር።
ሞላ ተበጠሰ ብዬ እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤
ይሄዳል። ደግሞ ቋ!
ብወጣ ቆባዋ ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ
እንደ ሞላ ተጠምዝዟል፣
ፍሬው የአሰገደችን ጣሪያ ይደበድባል።

እሷም ለቅማ ከአዝራሮቿ ቀላቀለቻቸው።
ትናንት አንድ ባለ ኮት ገልብጦ ገልብጦ
አንዷን መረጠ፣ ከፈለ፣ ሄደ።
ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር።
ልብስ ሰፊው ይበሳታል፤
የበልግ ዝናብም ቅርብ ነው።